2 ሚሊ የተሸረፈ ቢላዋ ይድናል ወይስ ይጣላል?

ይህን ጥያቄ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የመነሻውን ጽሑፍ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ከሥሩ የመጡትን መልሶች ግን በራሴ አፍ ነው የምተርክላችሁ። ብዙ ናቸው፤ መሃል ላይም ሰው ተኮራርፏል።

የመነሻው ጽሑፍ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ የወጥ ቤት ቢላዋ አለኝ። ርዝመቱ ያለ እጀታው 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዱ ከጀርባው እስከ ስለቱ 45 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 15 ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ባለፈው ወር አንድ እንግዳ አጥንት ሊሰብርበት ሞከረ። ሦስት ቦታ ተሸረፈ፤ ትልቁ ሽርፈት 2 ሚሊ ይጠልቃል። ጫፉም 5 ሚሊ ያህል የለም። እሱ እንኳ የእኔ ጥፋት ነው፤ የጣሳ ክዳን ስፈለቅቅበት ተሰበረ። ሁለት ገጽ ያለው መሳያ ድንጋይ አለኝ፣ ሻካራው ገጽ 400 ለስላሳው 1000 ቁጥር። በ1000ው ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስስል ከረምኩ። ሽርፈቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ይድናል ወይስ ልጣለው?

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ደብቄያለሁ። ወደ ታች ስንወርድ ይወጣል።

1ኛው መልስ የመጣው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ጣለው ነው ያለኝ። እስካሁን በለፋሁበት ሰዓት ሌላ ቢላዋ ይገዛ እንደነበር አስታወሰኝ። አንድ መስመር ተኩል ብቻ ጽፎ ሄደ። ይህን ሰው አትርሱት፣ ይመለሳል።

2ኛው እንደ ሐኪም ነው የገባው፤ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት ምርመራ አዘዘ። ቢላውን ብርሃን ላይ ይዤ በማጉያ መነፅር የሽርፈቱን ሥር እንዳይ ነገረኝ። ከሽርፈቱ ተነስቶ ወደ ጀርባው የሚወጣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ስንጥቁ እስኪያልቅ ድረስ ብረቱ ካልወረደ አንድ ቀን በሥራ መሃል ቁራጩ ይፈናጠራል። ቀጥሎ ስለ ብረቱ ጠየቀ። ለስላሳ ብረት ሲመታ ይታጠፋል፣ ጠንካራው ይሸረፋል። በሮክዌል የብረት ጥንካሬ መለኪያ አብዛኞቹ የአውሮፓ የወጥ ቤት ቢላዎች ከ54 እስከ 58 ባለው ውስጥ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ የጃፓን ቢላዎች ደግሞ 60ና ከዚያ በላይ ናቸው። የታጠፈ ስለት ይቃናል። የተሸረፈው ግን የጎደለ ብረት ነው፤ የጎደለው አይሞላም፣ የቀረው ወደ እሱ ይወርዳል እንጂ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልገባኝ ይህ ነበር። እኔ ጉድጓዱን እየሳልኩ መስሎኝ ነበር።

ስንጥቅ አላገኘሁም፤ ይህንኑ ጻፍኩ።

3ኛዋ ረጅም ጻፈች፣ በትሕትና። ቢላው መጀመሪያ መደንዘዝ አለበት አለች። ሳነበው የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። ቢላውን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ስለቱን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጌ ላቆመው፣ ከዚያ ድንጋዩን በመጋዝ እንደሚቆርጥ ሰው ወዲያ ወዲህ ልለው። የቀረው ስለት ሁሉ እስከ ትልቁ ሽርፈት ሥር ወርዶ እኩል እስኪሆን ድረስ። መጨረሻ ላይ ስለት የሚባል ነገር አይኖርም። በቦታው ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ጠፍጣፋ መስመር ይቀራል። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሁለቱንም ጎን እያጋደሉ መሳል፣ ያ የሚያብረቀርቅ መስመር ከተረከዝ፣ ማለትም ከእጀታው ሥር፣ እስከ ጫፍ እኩል እየቀጠነ ሄዶ እስኪጠፋ። መስመሩ እንደ መብራት ነው፤ የሚታይበት ቦታ ገና አልተሳለም።

እጄ ግን እምቢ አለኝ። 15 ዓመት ስስለው የኖርኩትን ነገር ሆን ብዬ ላደንዝ? ሁለት ቀን አልነካሁትም።

4ኛው ከ3ኛዋ ጋር በሐሳቡ ተስማምቶ በአያያዙ አልተስማማም። ቀጥ አድርጎ ማቆም ድንጋዩን ይቦረቡረዋል፤ 45 ዲግሪ ያህል አጋድሎ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን ማውረድ ይሻላል ባይ ነው። 5ኛው የራሱን ገጠመኝ ጨመረ። የ3ኛዋን መንገድ በድንጋዩ መሃል ላይ ሞክሮ ድንጋዩ ላይ ቦይ ቀዶበታል። ከዚያ ወዲህ ለዚህች ሥራ ድንጋይ አያስነካም፤ ወፍራም መስታወት ላይ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ለጥፎ ያወርዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ቢላው መሳብ እንጂ ስለቱን አስቀድሞ መገፋት የለበትም፣ ወረቀቱን ይቀደዋል። 3ኛዋ በ6ኛው ላይ ተመለሰች። የድንጋዩን መሃል ሳይሆን የጎን ጠርዙን ማለቷ እንደነበረ፣ ሳትጽፈው እንደቀረች አመነች። እንዲህ የሚያምን ሰው መድረክ ላይ ማየት ደስ ይላል።

7ኛው ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። 1000 ቁጥር ድንጋይ ለጥገና አይደለም፤ እሱ የተጠገነውን መሳያ ነው። ጥገና የሚጀመረው ከ120 እስከ 220 ባለው ነው፣ ሲብስ ደግሞ በ400። ከዚያ ስሌት አወጣ። 20 ሳንቲ የሚረዝም ስለት 2 ሚሊ ይውረድ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ይሁን። የሚወርደው ብረት፣ ወደ ስለቱ እየሳሳ ስለሚሄድ በግማሽ ተቆጥሮ፣ 160 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም አንድ ግራም ከሩብ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። 1000 ቁጥር ድንጋይ ላይ ግን አንድ ግራም ብረት ማለት ተራራ መናድ ነው። የወረቀትና የድንጋይ ቁጥር አንድ እንዳልሆነም ጠቆመ። በአውሮፓው የወረቀት አቆጣጠር 120 ቁጥር ፍሬው 125 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ነው፣ 220ው 68፣ 1000ው ደግሞ 18 ያህል። የድንጋይ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ በጃፓኑ አቆጣጠር ስለሚሄዱ ሁለቱን እያነጻጸሩ መግዛት ያሳስታል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር።

8ኛው መጣ። ሰዎቹ ሁሉ በከንቱ ይደክማሉ አለ። እሱ በግራይንደር ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ብልጭታ፣ አንድ ጎን፣ ሌላው ጎን፣ አለቀ።

9ኛው ልክ ልኩን ነገረው። ስድብ ባይኖርበትም የተጻፈው ጥርስ ተነክሶ ነው። የቢላዋ ብረት ጥንካሬ የሚመጣው ከእሳት ነው፤ ይግላል፣ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እንዳይሰባበር በልክ እንደገና ይሞቃል። ያ ሁለተኛው ሙቀት ለብዙ ቢላዎች ከ150 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ነው። ብረቱ ከዚያ ካለፈ ይለሰልሳል። ግራይንደር ደግሞ ቀጭኑን ስለት በአንድ አፍታ ያሳልፈዋል፤ ስለቱ እንደ ወረቀት ስለሆነ ሙቀቱ የሚሸሽበት የለውም። ቀለሙ ይናገራል፦ በተራ የካርቦን ብረት ላይ ገለባ መሰል ቢጫ 220 ዲግሪ ገደማ፣ ቡናማ 255፣ ሐምራዊ 275፣ ሰማያዊ 300 ገደማ ነው። ሰማያዊ ያየህበት ስለት አንድ ቀን ተስሎ በማግስቱ ይደነዛል። በመጨረሻ 8ኛው ስንት ሰው ቢላዋ እንዳበላሸ ጠየቀው።

10ኛው ራሱ 8ኛው ነው። ተናዷል። ዘመኑን ሁሉ ሲስል እንደኖረ፣ በየምቱ ውሃ ውስጥ እንደሚነክር፣ ጓንት ሳያደርግ እንደሚይዘው ጻፈ። ጣቱን ያቃጠለው ስለትንም ያቃጥላል ማለቱ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ መጥፎ ምክር አይደለም። ጓንት የሌለው እጅ በሚሽከረከር ማሽን አጠገብም የተሻለ ነው፣ ጨርቁ ሊጠለፍ ይችላላ። ችግሩ ከሥሩ የጨመራት ነገር ናት፤ መጽሐፍ አንባቢ ሁሉ ሠራተኛውን ሊያስተምር ይወዳል አለ። እሳት ላይ ቤንዚን።

እዚህ ላይ ተናዘዝኩ። 11ኛው የእኔ ነው። የደበቅኩት ነገር ይህ ነበር፦ ከሁለቱ ሳምንት በፊት ቢላውን ለአንድ ባለ ግራይንደር ሰጥቼው ነበር። ጫፉን እንዲያስተካክልልኝ ነው። ስረከበው የጫፉ ስለት አንድ ሳንቲ ያህል ርዝመት ላይ ሰማያዊ ሆኗል። ቀለሙ አምሮኝ፣ ሳልጠይቅ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ስጽፈው አፈርኩ። ግን 9ኛውና 10ኛው እኔን ረስተው እርስ በርስ መበላላታቸውን ቀጠሉ።

12ኛው ረጋ ያለ ሰው ነው። የለሰለሰውን ብረት ወጥ ቤት ውስጥ መልሶ ማጠንከር እንደማይቻል አስረዳኝ። ቀላሉ የካርቦን ብረት 800 ዲግሪ አካባቢ፣ የማይዝገው ደግሞ ከ1000 በላይ መጋል አለበት፤ ያም በልክና በሰዓት። ስለዚህ ያለኝ ምርጫ ሁለት ነው፦ ሰማያዊውን አውርጄ መጨረስ፣ ወይም ጫፉ ቶሎ እንደሚደነዝ አውቄ መኖር። 13ኛው 9ኛውን አረመ። እነዚያ ዲግሪዎች የተራ ብረት ናቸው፤ ክሮም የበዛበት የማይዝግ ብረት ያንኑ ቀለም የሚያወጣው ከዚያ በከፋ ሙቀት ነው። የእኔ ቢላዋ የማይዝግ ከሆነ ሰማያዊው ካሰብኩት በላይ መጥፎ ዜና ነው ማለት ነው። ደግሞም የለሰለሰው ቦታ ከቀለሙ ድንበር አልፎ ሊሄድ ይችላል። 9ኛው ይህን በጸጋ አልተቀበለም፤ ዝም አለ እንጂ።

14ኛው የእንቁላሏን ተረት ብቻ ጽፎ ሄደ፤ ቀስ በቀስ የምትለዋን። 15ኛው እንዲህ ዓይነት መልስ የውይይቱን ክር ከማስረዘም በቀር ምን ጥቅም እንዳለው ጠየቀ። በዚህች ላይ አሥር ያህል የሳቅ ምልክት ተደረደረ። 16ኛው የአወያዩ ነው፤ 9ኛውና 10ኛው የግራይንደሩን ነገር እንዲያበርዱ አሳሰበ።

ከሁሉ የረዳኝ 17ኛው ነው። የጻፈችው በሙያዋ ወጥ ሠሪ ናት። 3ኛዋ የጻፈችው ሁሉ ትክክል እንደሆነ፣ ግን ግማሹ እንደሆነ ነገረችን። ቢላዋ ከጀርባው ወፍራም ነው፣ ወደ ስለቱ ሲወርድ ይሳሳል። ሽርፈቱን ለማጥፋት 2 ሚሊ ወደ ላይ ስትወጣ አዲሱን ስለት የምትሠራው ወፍራሙ ቦታ ላይ ነው። ስለቱ ይሳላል፣ ፀጉር ሳይቀር ይላጫል። ግን ከኋላው ሽብልቅ ተሸክሟል። እሷ ራሷ እንዲህ የጠገነችው ቢላዋ ነበራት፤ ወረቀት እንደ ውሃ ይቆርጣል፣ ጠንካራ ሥራ ሥር ላይ ሲያርፍ ግን መቁረጡን ትቶ ይፈልጣል። ጥፋቱ የድንጋዩ መስሏት ለወራት ስለቱን ብቻ እያሳመረች ኖረች። ችግሩ ከስለቱ ጀርባ እንደሆነ የገባት ቢላውን በስለቱ በኩል ፊት ለፊት አቁማ ስታየው ነው።

መድኃኒቱ ማሳሳት ነው። ቢላው ድንጋዩ ላይ ሊተኛ ምንም ያህል እስኪቀረው ይጋደማል፣ 5 ዲግሪ ቢሆን ነው። ሁለት ጣት ከስለቱ ከፍ ብሎ ይጫናል። በሻካራው ድንጋይ ከስለቱ በላይ ያለው ጉንጭ እየተፋቀ ይሳሳል። አድካሚ ነው፣ ጎኑን ይጭራል፣ የቢላውን ውበት ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልተደራደረችም፦ ጠፍጣፋው መስመር ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ማሳሳት፣ ስለት መሥራት መጨረሻ። ስለቱን ቀድሞ የሠራ ሰው ሲያሳሳ መልሶ ያበላሸዋል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው አለች፤ ቢላው ስለተሳለ ያለቀ ይመስለዋል።

እኔም ይህን ባላነብ እዚያው ነበር የማቆመው።

18ኛው ማዕዘንን ያመጣ ነው። ዲግሪ መለኪያ ለሌለው ሰው አንድ ዘዴ አለው፤ የቢላውን ወርድ መለካት። ጀርባው ከድንጋዩ የሚነሳው የወርዱን ሲሶ ያህል ከሆነ ማዕዘኑ 20 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ሩቡን ያህል ከሆነ 15 ሊሞላ። ለእኔ 45 ሚሊ ወርድ፣ 15 ሚሊና 11 ሚሊ ማለት ነው። ለስላሳ ብረት 20 ይበቃዋል፣ ጠንካራው 15 ይችላል። 19ኛው የጀርባው ውፍረትም ከዚህ ልክ ላይ መቀነስ እንዳለበት ተከራከረ። 20ኛው በአንድ ሚሊ ጠብ አያስፈልግም፣ እጅ ራሱ ይንቀጠቀጣል አለ። እኔም ከ20ኛው ጋር ነኝ። ቁም ነገሩ የመረጥከውን ማዕዘን አለመልቀቅህ ነው። ለዚያ 21ኛው ያመጣው የማርከር ዘዴ ከሁሉ ይበልጣል። የስለቱን ተዳፋት በማርከር ታጠቁረዋለህ፣ ሁለት ሦስቴ ትስላለህ፣ ታያለህ። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ በጣም አስተኝተኸዋል። ከታች ከጠርዙ ብቻ ከለቀቀ በጣም አንስተኸዋል።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። 22ኛው ስለቱ በአንድ ጎን ሲሳል ወደ ማዶው ስለሚታጠፈው ስስ የብረት ጠርዝ ጻፈና ስሙን ጠየቀ። 23ኛው ጉጥ ነው አለ። 24ኛው ጉጥ የእንጨት ነው፣ ይህስ ከንፈር ነው አለ። 25ኛው የባዕድ ቃሉን እንዳለ እንውሰደው አለ፣ ተወገዘ። እኔ ከንፈር የሚለውን ወድጄዋለሁ፤ አውራ ጣትን ከጀርባው ወደ ስለቱ አሻግሮ ሲዳብሱት እውነትም ከንፈር ነው። ስለቱን ተከትሎ ርዝመቱን መዳበስ ግን ጣት ማስቆረጥ ነው።

ስሙ ያጣላቸው ሰዎች ስለ ጥቅሙ አልተጣሉም። ከንፈሩ ከተረከዝ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ካልተዳበሰ ያ ጎን ገና ነው፣ አይገለበጥም። ሁለቱም ጎን ካለቀ በኋላ ደግሞ መውደቅ አለበት። እየቀለለ በሚሄድ እጅ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ። መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ፣ ጀርባውን እያስቀደሙ። 24ኛው ቆዳው ላይ አረንጓዴውን የክሮም ኦክሳይድ ቅባት ይቀባል። ከንፈሩ ሳይወድቅ የቀረ ቢላዋ መጀመሪያ ቀን ምላጭ ነው፤ በማግስቱ ከንፈሩ ይታጠፍና ባለቤቱ ድንጋዩን ይረግማል።

26ኛው ሞረዱን ለምን ማንም እንዳላነሳ ጠየቀ፤ ያን ረጅሙን የብረት ዘንግ። 27ኛው መለሰለት፣ ትንሽ በንቀት። ዘንጉ የታጠፈ ስለት ያቃናል፣ የተሸረፈ አይሞላም። ጭራሽ ቦይ ቦይ ያለው ዘንግ ጠንካራ ብረት ላይ አዲስ ሽርፈት ሊያመጣ ይችላል። 2ኛው ሁሉን ነገር ብሎት እያለ ለምን ሰው ከላይ እንደማያነብ ጠየቀ። ልክ ነው፣ ግን አነጋገሩ አስፈላጊ አልነበረም። 28ኛው ቢላውን በመሃሏ እየጎተቱ የሚስሉባትን ትንሿን መሣሪያ አሞገሰ፣ የጠንካራ ብረት ቅጠል ያላትን። አራት ሰው ወረደበት። መልሱን ሲያጠቃልሉት፣ መሣሪያዋ ትፍቃለች እንጂ አትስልም፤ ለደነዘ ቢላዋ ጊዜያዊ መላ ትሆናለች፤ የተሸረፈውን ብታገኝ ግን በሽርፈቱ ጠርዝ እየተያዘች ታባብሰዋለች።

29ኛው የተሰበረ ጫፍ ላይ ነው፣ ክሩን ወደ ጥያቄዬ የመለሰው እሱ ነው። ጫፍ ከስለቱ በኩል ወደ ላይ እየሞረዱ ከተሠራ ቀና ይልና መክተፊያውን አይነካም። መሞረድ ያለበት ከጀርባው በኩል ወደ ታች ነው፣ ስለቱ ሳይነካ። ጀርባው ትንሽ ይጎብጣል፣ ቢላው ትንሽ ያጥራል፣ አለቀ። ባለ ግራይንደሩ ተቃራኒውን ነበር የጀመረልኝ። ሰማያዊውም ስለቱ ላይ የወጣው ለዚህ ነው።

30ኛው ስለ ተረከዝ አስጠነቀቀ። እጀታው ሥር ወፍራም የብረት አንገት ያለው ቢላዋ ሲሳል አንገቱ አይወርድም፣ ስለቱ ብቻ ይወርዳል፤ ከዓመታት በኋላ እዚያ ጋ ጎድጓዳ ይሠራል። ቢላውን መክተፊያ ላይ አቁሞ ከኋላው መብራት ማየት ነው። ብርሃን ካለፈ አንገቱም መሞረድ አለበት። 31ኛው የሴራሚክ ቢላዋው ተሸርፎ መላ ጠየቀ። 32ኛው በአንድ ቃል መለሰለት፤ አልማዝ። ሴራሚኩ ዚርኮኒያ ስለሆነ ተራው ድንጋይ እንኳን ሊጠግነው በቅጡ አይቧጭረውም።

33ኛው ድንጋዩ ራሱ መስተካከሉን የጠየቀኝ ነው። ፊቱ ላይ በእርሳስ መስመሮች አስምሬ፣ መስታወት ላይ ባለ ሻካራ ወረቀት ስፈትገው የዳሩ መስመር ጠፋ፣ የመሃሉ ቀረ። መሃሉ ጎድጉዶ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በጎድጓዳ ድንጋይ ቀጥ ያለ ስለት ስፈልግ ኖሬያለሁ።

34ኛውን የጻፍኩት ከአራት ማታ ሥራ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ማታ የ5ኛውን መስታወትና 120 ቁጥር ወረቀት ይዤ ስለቱን ገደልኩት። ሁለት ጊዜ ቆም ብዬ እጄን አራገፍኩ፣ በድካም ሳይሆን በፍርሃት። 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። የጠፍጣፋው መስመር ብልጭታ እንደ 3ኛዋ አነጋገር ከዳር እስከ ዳር ታየ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ማታ ማሳሳት ብቻ ነበር። ውሃው ጠቆረ፣ ጣቴ ተላጠ፣ የቢላው ጎን ድመት የቧጨረው መሰለ። አራተኛው ማታ በ400ው ስለት ሠራሁ፣ በ1000ው አለሰለስኩ፣ አሮጌ ቀበቶ ላይ ጨረስኩ። ጫፉን ከጀርባው አወረድኩት። ቢላው አሁን 19 ሳንቲ ከምናምን ነው፣ ወርዱም 43 ሚሊ ተኩል። ሰማያዊው ግማሹ ሄዷል፣ ግማሹ አለ። እንደተባለውም እዚያች ቦታ ላይ ከሌላው ቀድሞ ይደነዛል።

ትልቁ ሽርፈት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ግማሽ ሚሊ የምታህል ጉድጓድ ትቻለሁ። ይህን የመከረችኝ 17ኛዋ ናት፣ በግል መልእክት። ለአንዲት ጉድጓድ ብሎ የቢላውን ዕድሜ መፍጀት አያስፈልግም፤ ወደፊት በሳልኩት ቁጥር እየቀነሰች ትጠፋለች። 9ኛው ይህን ሥራ ያላለቀ ሥራ ብሎ ተቸኝ። 10ኛው ደግሞ፣ ማን ይገምት፣ ደገፈኝ። ሁለቱ እንደገና ሊጀምሩ ሲሉ አወያዩ ቀድሞ ደረሰ።

35ኛው ስለ ደኅንነት ነበር፣ መምጣት የነበረበት መጀመሪያ ላይ ነው። የሚወድቅ ቢላዋ በአየር ላይ አይያዝም፣ እጅ ወደ ኋላ እግርም ወደ ኋላ። ድንጋዩ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍለት እንዳይንሸራተት። ሥራው ሲያልቅ የብረት ጭቃው ከጠረጴዛ ይታጠብ፣ የቢላውም እጀታ ይደርቅ።

36ኛውን ሳየው ሳቅኩ። 1ኛው ሰው ተመልሷል። አሁንም ቢላዋ ለጣለ ሰው ክብር አለው፣ ግን እግረ መንገዱን አንድ ነገር ሊጠይቅ ፈለገ። መሳቢያው ውስጥ ተሸርፎ የተቀመጠ አለው፣ ለመጣል ሲል ሲል የቆየ። ከ3ኛዋ ጀምሮ እንዲያነብ ነገርኩት። ማታውን ፎቶ ለጠፈ። የዳቦ ቢላዋ ነው፣ ጥርስ ጥርስ ያለው፤ እስካሁን የተባለው አንዱም ለእሱ አይሠራም። ከ17ኛዋ በቀር ማንም እስካሁን አልመለሰለትም። እሷም የጻፈችለት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ክብ ሞረድ።